ኪታብ፣ ክታብ፣ ክትባት

ልጆችን መጽሐፍ ማስወደድ ቀላል ነው። አስቸጋሪው ወላጆቻቸው መጽሐፉን ከመጠን በላይ እንዳይወዱት ማድረግ ነው። ይህን ያገኘሁት ከሥልጠና ላይ አይደለም። ጅጅጋ ውስጥ በራሴ ላይ ደርሶ ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቄ ላስረዳችሁ።

የአማርኛ መምህር ነኝ። ያኔ ከአዳማ መጥቼ ጅጅጋ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ጀማሪ መምህር ሦስት ነገር አያጣም፤ ባለቀለም ጠመኔ፣ ዕቅድ፣ እና ማንም ሳይጠይቀው የማስረዳት ልማድ። ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው «ዛሬ ንፋሱ በዛ» ካለኝ፣ ንፋስ እንዴት እንደሚፈጠር ሳያውቅ አይወርድም። አንዳንዱ መውረጃው ሳይደርስ ወራጅ ይላል።

ጓደኞቼ ከአዳማ አንድ ካርቶን የልጆች መጽሐፍ ላኩልኝ። ካርቶኑ የብስኩት ነበር። ተማሪዎቼ ካርቶኑን ሲያዩ ያሳዩትን ዓይነት ፍቅር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ሲከፈት መጽሐፍ መሆኑ ታወቀና ግማሾቹ ወደ ኳሳቸው ተመለሱ። በቀሩት ግማሾች ተማምኜ ወደ ርዕሰ መምህራችን ወደ አቶ ኑር ሄድኩ።

አቶ ኑር ጥቂት የሚናገሩ፣ ብዙ ቁልፍ የሚይዙ ሰው ናቸው። ከወገባቸው የማይለየው የቁልፍ ጥቅል ሲራመዱ ስለሚንሿሿ፣ ትምህርት ቤቱ እሳቸው ከመድረሳቸው በፊት ጨዋ ይሆናል። የተሰበሩ ወንበሮች የተከማቹበትን ክፍል ለንባብ እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው።

«ልጆቹ ያነባሉ?» አሉኝ።

«ያነባሉ! ንባብ እኮ በሦስት ደረጃ…»

«የወላጆች ቀን ላይ» ብለው አቋረጡኝ፣ «አንድ ልጅ አንድ መጽሐፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲያነብ ልየው። ካየሁ ክፍሉ ያንተ ነው። ካላየሁ የወንበሮቹ ነው።»

ወንበሮቹን አውጥቼ ግንቡ ሥር ደረደርኳቸው። ከዚያ ወዲያ በአጠገባቸው ባለፍኩ ቁጥር፣ እነዚያ እግር የጎደላቸው ፍጥረታት ቤታቸውን እንደነጠቀ ሰው ያዩኝ ነበር።

አሁን ወደ ስህተቱ ልምጣ። የአብዛኞቹ ተማሪዎቼ አፍ መፍቻ ሶማልኛ ነው፤ ጥቂቶቹ ደግሞ ከመሀል አገር የመጡ ነጋዴዎች ልጆች ናቸው። እኔ ሁሉም ቤት የሚገባ አንድ ቃል ፈለግሁ።

«መጽሐፍ በሶማልኛ ምን ይባላል?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ቡግ!» አሉ ባንድ ድምፅ።

ቡግ። ደስ አላለኝም። እኔ ጆሮ ውስጥ ሲገባ ቡግንጅ ሆነ። «ልጆቼ፣ ዛሬ ሁላችሁም አንዳንድ ቡግ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ ቤት ስትደርሱ ለእናታችሁ አሳዩ።» እንዲህ ተብሎ ልጅ ወደ ቤቱ ይላካል?

«ኪታብስ አይባልም?» አልኩ።

«ይባላል፣ ግን…» አለች ሂቦ።

ሂቦ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ናት። «ግን» ከአፏ አይጠፋም። «ግን» የሚል ተማሪ ሊበረታታ እንደሚገባው ሠልጥኛለሁ። ሆኖም ያን ቀን ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ስለነበር በሌላ ቀን ላበረታታት ወሰንኩና ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ከተበ ማለት ጻፈ ማለት እንደሆነ፣ ቃሉ ዐረብኛውንም ግእዙንም እንደሚያገናኝ፣ ስለዚህም ሁላችንም የምንጋራው ቃል መሆኑን በሦስት ዓይነት ቀለም አብራራሁ። ሁላችንም የምንጋራው መሆኑ እውነት ነበር። መከራዬም የመጣው ከዚያው ነው።

መጽሐፎቹን እንዳይቆሽሹ ሁሉንም በቡናማ ወረቀት ለበድኳቸው። ከዚያ ለመጀመሪያዎቹ ተረኞች አደልኳቸውና፣ ልጆቹ ሁሉ ለወላጆቻቸው የሚያደርሱትን መልእክት በቃላቸው አስጠናኋቸው፦ «መዓሊን ኪታብ ሰጥቶኛል። እጅ ሳይታጠቡ አይነካም። መሬት ላይ አይቀመጥም። ውሃና እሳት አይቅረበው። ማታ ከመኝታ በፊት ከኔ አይለይ።»

መዓሊን በሶማልኛ መምህር ማለት ነው። ቁርኣን የሚያስቀራውም መዓሊን ነው። ይህን አውቅ ነበር። ማወቅና ማስታወስ ግን አብረው ተጠርተው ለየብቻ የሚመጡ እንግዶች ናቸው።

በማግስቱ ጥቂት ልጆች ከክፍል ቀሩ። ከሰዓት በኋላ ባጃጅ የሚነዳ አንድ አባት ልጁን እየጎተተ አመጣው። ልጁ በቀኝ እጁ ግራ ክንዱን ጨምድዶ ይዟል።

«መምህር፣ የትኛው ክንድ ላይ ነው?» አለኝ አባትየው።

«ምኑ?»

«ክትባቱ ነዋ! መምህሩ ሊከትበን ነው ብሎ እህል አልቀመሰም።»

«ክትባት አይደለም፣ ኪታብ ነው!»

«እኔስ እሱን አይደል የምልህ? ያማል?»

«ኧረ የሚነበብ ነገር ነው! በዓይን ነው!»

«በዓይን ነው?» ልጁን ጀርባውን መታ መታ አደረገው። «ሰማህ? በጠብታ ነው! አንተ ፈሪ!»

ልጁ አሁን ደግሞ ዓይኖቹን ጨፈነ። አስረዳሁ። ይሁን እንጂ ባጃጁ ውስጥ ተሳፋሪ ስለሚጠብቀው ግማሹን ሰምቶ ሄደ። ግማሽ ዳቦ ያስታግሳል፤ ግማሽ ማብራሪያ ግን ካለመስማት ይብሳል። የቀሩትን ልጆች ወደ ክፍል ለመመለስ በየቤታቸው እየዞርኩ ባዶ እጄን ማሳየት ነበረብኝ።

ሳምንት አለፈ። መጽሐፎቹ አልተመለሱም። እንዴት ደስ እንዳለኝ! «እያነበቡ ነው» አልኩ። ግንቡ ሥር ያሉትን ወንበሮች ሁሉ በኩራት አልፌያቸው ሄድኩ።

ከሁሉም ቀድሞ የተመለሰው ናቲ የወሰደው መጽሐፍ ነበር። ናቲ ከትምህርት ቤቱ ማዶ የሸቀጥ ሱቅ ያላቸው የእትዬ ጥሩነሽ ልጅ ነው።

«እናቴ እግዜር ይስጥልኝ ብላለች» አለኝ ናቲ። «በጣም ሠርቷል ብላለች።»

«ሠርቷል» የሚለው ቃል ትንሽ ከነከነኝ። ግን ምስጋና ሲመጣ ሰዋስው አይታረምም። ናቲን በሰልፍ ላይ አስጨበጨብኩለት።

ያንኑ መጽሐፍ ሂቦ ወሰደችውና እዚያው ንባብ ክፍሉ ወለል ላይ ቁጭ ብላ ጀመረችው። ታሪኩ ውሃ በጋሪ ስለሚያመላልስ አንድ አህያ ነው። አህያው ዕድሜውን ሙሉ በአንድ መንገድ ሲመላለስ ኖሮ፣ አንድ ጠዋት አንድ የተዘጋ ሰማያዊ በር ፊት ቆመና አልንቀሳቀስም አለ። ጌታው ለመነው፣ እምቢ። አረንጓዴ ሣር አሳዩት፣ እምቢ። ከኋላው መኪናው ተሰልፎ ጥሩምባ ነፋ፣ ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፊሽካ ነፋ፣ አህያው ግን በሩን እያየ ቆሟል። ሂቦ እዚህ ስትደርስ ደወል ተደወለና መጽሐፉን ይዛ ወደ ቤቷ ሮጠች። እንዲህ ስትሮጥ ሳይ መምህር በመሆኔ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ንፋስም ነበር።

በማግስቱ ገና በር ላይ ጠበቀችኝ።

«መዓሊን፣ አህያው ለምን ቆመ?»

«አንብቢዋ!»

«እናቴ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለችው።»

«ለማንበብ እንደሆነ አልነገርሻትም?»

«ስለ አህያ ነው ስላት፣ ስለ ኪታብ እንዲህ አይወራም ብላ ተቆጣችኝ። ንገረኝ በቃ፣ ለምን ቆመ?»

«ሂቦ፣ ጥሩ የንባብ መምህር መጨረሻውን አይነግርም። አንባቢ ራሱ ሲደርስበት…»

ረጅም ማብራሪያ ሰጠኋት። እውነቱን ለእናንተ ልንገራችሁና፣ መጨረሻውን አላነበብኩትም። መጽሐፎቹን ስለብድ ለማንበብ ጊዜ አልነበረኝም።

ሂቦ አልለቀቀችኝም። በሰልፍ ላይ ባንዲራ ሲሰቀል ከጎኔ መጥታ ሹክ ትላለች፤ «ለምን ቆመ?» የእረፍት ሰዓት ሻይ ስጠጣ በመስኮት ብቅ ትላለች፤ «ለምን ቆመ?» የወላጆች ቀን ደግሞ እየቀረበ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማንበብ የምትችል ተማሪ ካለችኝ እሷ ናት፤ መጽሐፏ ግን ቁም ሳጥን ላይ ነው። ስለዚህ ቤቷ ሄድኩ።

እናቷ ሳህራ ገበያ ውስጥ ልብስ ትሸጣለች። መጀመሪያ አንቱ ብላት «ስንት ሆኜ ነው? ብቻዬን ነኝ» አለችኝና አንተና አንቺ ተባባልን። የግመል ወተት ያለበት ሻይ ቀዳችልኝ። ቁም ሳጥኑ ፊት ለፊቴ ነው። ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ ከሻንጣዎቹም በላይ፣ በሐር ሻሽ የተጠቀለለ ነገር ተቀምጧል።

«ያውልህ ኪታብህ» አለች በኩራት። «ከቤቴ ከዚህ የሚበልጥ ከፍታ የለም። ጣሪያ ላይ እንዳላወጣው ንፋስ ይወስደዋል።»

«ሳህራ፣ ሂቦ እንድታነበው እኮ ነው።»

«ታነበዋለች። መጀመሪያ ትንሽ ትደግ። ውዱእ ማድረግ፣ ለሶላት መታጠብ፣ በደንብ ትልመድ። ዋላሂ እኔ ራሴ ፈርቼ አልከፈትኩትም።»

«ሳህራ… ይሄ የአህያ ታሪክ ነው።»

የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «የምን?»

«የአህያ።»

ወንበር ላይ ወጥታ አወረደችው። ሻሹን ፈታች። ቡናማውን ልባድ ገፈፈች። ሽፋኑ ላይ አንድ ግራጫ አህያ ጥርሱን አግጥጦ ይስቃል። ሳህራ አህያውን አየችው። አህያውም አያት።

«አንተ ሰውዬ! ይሄን ነው ሐር አልብሼ ከራሴ በላይ ያኖርኩት? እንግዳ ሲመጣ ከሥሩ እንዳይቀመጥ ቦታ ያስቀየርኩት?» ከዚያ ሳቋ መጣ። እየሳቀች ለጎረቤቶቿ ስልክ ደወለች። የጎረቤቶቿ ሳቅ ከስልኩ እየፈሰሰ ቤቱን ሞላው፤ ለካ በየቁም ሳጥኑ ላይ አንድ ጅብ፣ አንድ ዝንጀሮ፣ አንድ ሰነፍ ዶሮ ሐር ለብሶ ተቀምጧል።

«ለምን ቡግ አላልክም?» አለችኝ እንባዋን እየጠረገች። «ቡግ ብትል ለልጅቷ ሰጥተን እንረሳው ነበር። መዓሊን ኪታብ ሰጠ ሲባል እኮ ሰው የሚያስበው ሌላ ነው።»

«ቡግ… በኛ ጆሮ እብጠት ይመስላል።»

«እሺ፣ ኪታብስ በናንተ ጆሮ ምን ይመስላል?»

ልመልስላት አፌን ከፈትኩ። ክታብ። አንገት ላይ የሚንጠለጠለው፣ በቆዳ የሚሰፋው፣ ለቡዳውም ለቁርጠቱም የሚታሰረው ክታብ! «በጣም ሠርቷል» ያሉት እትዬ ጥሩነሽ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። በዚያው ቅጽበት መጽሐፉን ነጥቃ ጥግ ይዛ ስታነብ የነበረችው ሂቦ ጮኸች።

«መዓሊን! የመጨረሻው ገጽ የለም!»

ሱቃቸው ስደርስ የናቲ ታናሽ ወንድም አቡሽ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ከረሜላ ይልሳል። አንገቱ ላይ በጥቁር ክር የታሰረ የቆዳ ከረጢት ተንጠልጥሏል።

«እትዬ፣ ያ ምንድን ነው?»

«ያንተው ነዋ፣ እጅህ ይባረክ!» አሉ ከመደርደሪያው ጀርባ ወጥተው። «ናቲ መምህሩ ክታብ ሰጠኝ፣ ማታ ከኔ አይለይ ብሏል ሲለኝ ገባኝ። ሙሉውን እንዳላንጠለጥለው የልጄ አንገት ይቀነጠሳል። ስለዚህ አንዲቱን ገጽ ብቻ ወሰድኩ።»

«ለምን የመጨረሻዋን?»

«ሥዕል የሌላት እሷ ብቻ ናት። ሥዕል ያለበት የልጅ መጫወቻ ነው፤ ኃይሉ ያለው ጽሑፉ ላይ ነው ብዬ።»

«ምን ይላል? አነበቡት?»

«ክታብ ይነበባል እንዴ? ኃይሉ ይለቀዋል!» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ካሰርኩለት ወዲህ ፍራሽ አርጥቦ አያውቅም።»

የክታብንና የኪታብን ልዩነት አስረዳሁ፤ ስለ ቃሉ አመጣጥም ጭምር። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«እሺ፣ ተማርኩ» አሉ በመጨረሻ። «አሁን ክታቡን ብፈታውና ልጁ ቢሸና፣ ፍራሹን አንተ ታሰጣዋለህ?»

አቡሽን ከነክታቡ ትቼ ወጣሁ።

የቀሩት መጽሐፎች ከየቁም ሳጥኑ ወርደው ንባብ ክፍሉ ተደረደሩ። ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማንበቢያ ጊዜ ያለው ማን ነው? የወላጆች ቀን ደርሷል፤ ሂቦ የለመደችው ደግሞ የአህያውን ነው። ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ።

«የመጨረሻው መስመር ላይ ስትደርሺ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ‹ተፈጸመ› በይ» አልኳት።

«ግን አልተፈጸመም።»

«ሂቦ፣ ለክፍሉ ስንል።»

«ግን…»

የወላጆች ቀን ክፍሉ ጢም አለ። ሳህራና ጎረቤቶቿ ከፊት ተቀምጠዋል። ባጃጅ ነጂው አባት በር ላይ ቆሟል። እትዬ ጥሩነሽ አቡሽን ታቅፈው ጥግ ይዘዋል። አቶ ኑር መሀል ላይ ቁልፋቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሂቦ ቆማ አነበበች። አማርኛው ለማይገባቸው ጎረቤቶቿ፣ ሳህራ በሹክሹክታ ወደ ሶማልኛ ትመልሳለች። አህያው ሲቆም ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ፖሊሱ ፊሽካ ሲነፋ ባጃጅ ነጂው «እሱን ሰውዬ አውቀዋለሁ!» አለ። ሂቦ የመጨረሻው መስመር ላይ ደረሰች።

«በዚህ ጊዜ ሰማያዊው በር ቀስ ብሎ ተከፈተ። አህያው ጆሮውን አቆመ…» ወደኔ አየች። «…ተፈጸመ።»

«እንዴት ነው የሚፈጸመው?» አለ ባጃጅ ነጂው። «አሁን በሩ ተከፍቶ?»

ክፍሉ ተንጫጫ። የቁልፍ ድምፅ ሰማሁ፤ አቶ ኑር ተነሥተዋል።

«መምህር፣ እስከ መጨረሻ ነው ያልኩህ።»

«ገጹ… በቴክኒክ ምክንያት…»

እኔ የትም ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። ናቲ ግን ወንድሙን አየ። ሂቦም አየች። ቀስ በቀስ ሰው ሁሉ ወደዚያች ጥግ ዞረ። እትዬ ጥሩነሽ እጃቸውን የአቡሽ አንገት ላይ አደረጉ።

«ምን ታዩናላችሁ?» አሉ።

«እትዬ» አለች ሳህራ፣ «የሰው አህያ አስረሽ ነው እንዴ የተቀመጥሽው?»

«ልጄ ቢሸናስ?»

«ይሽና! ፍራሹን እኔ አሰጣልሻለሁ። ጅጅጋ ንፋስ ሞልቶ!»

«ፍቺው፣ እትዬ!» አለ ባጃጅ ነጂው። «ሥራ ፈትቼ ነው የቆምኩት!»

እትዬ ጥሩነሽ አቡሽን አዩት፤ አቶ ኑርን አዩአቸው። ወደ ሂቦ ጠጋ ብለውም «ከተከፈተ በኋላ ምን እንዳለ ምንም ፍንጭ የለም?» ብለው ጠየቋት። የለም። ከዚያ በኋላ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። ከረጢቱን ቀደዱት። እጥፋቱ ብዙ የሆነ ወረቀት ወጣ። ሂቦ ዘርግታ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ አነበበች።

«ጥያቄዎች። አንድ፤ አህያው ለምን የቆመ ይመስላችኋል? ሁለት፤ በቡድን ሆናችሁ ተወያዩበት።»

ወረቀቱን ገለበጠችው፤ ጀርባው ባዶ ነው።

«ይሄው ነው?» አሉ እትዬ ጥሩነሽ። «ልጄን ጥያቄ ነው አንገቱ ላይ ያሰርኩት?»

«እንዴ፣ ግልጽ አይደል!» አለ ባጃጅ ነጂው። «እዚያ ቤት ሴት አህያ አለች!»

«ዝም በል፣ ልጆች ባሉበት!» አለች ሳህራ። «ተጠምቶ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ለሰው ውሃ ሲያመላልስ ጠጣ ያለው አለ? አንድ ደግ ቤት አግኝቶ ይሆናል።»

«እዚያ ቤት ነው የተወለደው» አለ ናቲ። «እናቱ አለች።»

«እናቱማ ብትሆን ገና ድሮ ይቆም ነበር» አሉ እትዬ ጥሩነሽ ተቆጥተው። «ልጅ እናቱን ረስቶ ዓመታት ያልፋታል? እኔ የምለው በሩ ላይ የታየው ነገር አለ፤ አህያ የማይታየውን ያያል።»

«ደክሞት ነው» አሉ አቶ ኑር ሳይጠየቁ። ሰው ሁሉ ዞረባቸው። ቁልፋቸውን እያገላበጡ ቀጠሉ፤ «ዕድሜ ልኩን አንድ መንገድ ላይ የተመላለሰ ሰው… አህያ ማለቴ ነው… አንድ ቀን መቆም አያምረውም?»

ክርክሩ ጦፈ። ባጃጅ ነጂው ተሳፋሪዎቹን ረሳ። ጎረቤቶች ለሁለት ተከፈሉ፤ የጥማት ወገንና የድካም ወገን። በመጨረሻ ሳህራ እጇን አንሥታ ጸጥ አሰኘቻቸው።

«መዓሊን ይናገር። መጽሐፉ የሱ ነው። ለምን ቆመ?»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። በሕይወቴ እንዲህ ክፍል ሙሉ ሰው አስረዳን ብሎኝ አያውቅም።

«አላውቅም» አልኩ።

«እንዴት አታውቅም?» አለ ባጃጅ ነጂው። «ስለ ንፋስ ስታውቅ!»

ሂቦ አዘነችልኝ መሰለኝ። ገጿን በጥንቃቄ አጣጥፋ መጽሐፉ ውስጥ ከተተችና ወደ መደርደሪያው አመለከተች።

«ምናልባት ሌላ ቡግ ላይ ይኖራል።»

ለአፍታ ሁሉም መደርደሪያውን አዩ። ከዚያ ተነሡ። ሳህራ ጅቡን አነሣች። ባጃጅ ነጂው ወፍራሙን መርጦ «ከዚህ አያልፍም» አለ። እትዬ ጥሩነሽ አቡሽን በአንድ እጅ፣ ሁለት መጽሐፍ በሌላው ያዙ። ጎረቤቶች ተጋፉ፤ ልጆች የእናቶቻቸውን ቀሚስ እየጎተቱ «ለኔ! እኔ ላንብብልሽ!» ይላሉ። አቶ ኑር ለመቆለፍ ትክክለኛውን ቁልፍ መርጠው ሲያበቁ ዞረው አዩ፤ ክፍሉ ውስጥ የሚቆለፍበት መጽሐፍ አልቀረም። የመጨረሻውን እሳቸው ራሳቸው ብብታቸው ሥር ይዘውታል።

ቆይ፣ አልኩ በልቤ። ይህ ስህተት ነው። እያንዳንዱ መጽሐፍ የራሱ ታሪክ አለው፤ የአህያው መልስ ከጅቡ ውስጥም ከዝንጀሮውም ውስጥ አይገኝም፤ ይህን ሳላስረዳቸው መሄድ የለባቸውም። ከበሩ ፊት ቆሜ እጄን አነሣሁ፣ አፌንም ከፈትኩ።

ከዚያ መልሼ ዘጋሁትና መንገድ ለቀቅኩላቸው።